ኩይሳውን ሰላም በሉ

የሚያስፈራ አጭር ታሪክ ነፍሴ ነው። ደም የሚረጭበትን፣ ጥርስ የሚፋጭበትን ዓይነት አይደለም የምለው። ዝግ ብሎ፣ አገር ሰላም ነው እያለ ሄዶ ሄዶ፣ መጨረሻው ላይ ነገሩን ሁሉ የሚገለብጠውን ነው። ጥሩ የሆነ እንደሆነ መጽሐፉን ከድኖ መተኛት የለም፤ ወደ መጀመሪያው ገጽ ይመልሳል። «ለካ እዚህችው ላይ ተነግሮኝ ነበር፤ እንዴት አለፍኳት?» ያሰኛል። አሜሪካዊው አምብሮዝ ቢርስ በ1890 እ.ኤ.አ. ባወጣው ታሪክ ድልድይ ላይ ሊሰቀል ገመድ ያጠለቁለትን ሰው ይዞን ይሄዳል። ገመዱ ይበጠሳል፤ ሰውየው ወንዝ ውስጥ ይወድቃል፤ ጥይት ሲዘንብበት ያመልጣል፤ ቀንና ሌሊት ተጉዞ ደጁ ይደርሳል፤ ሚስቱ ፈገግ ብላ ልትቀበለው ትወጣለች። ከዚያ ቀጥላ የምትመጣውን ዓረፍተ ነገር ላላነበበ ሰው አልነግርም። ቢርስ ራሱ በ1913 መጨረሻ በአብዮት ወደምትታመሰው ሜክሲኮ ገብቶ የት እንደደረሰ ሳይታወቅ ቀርቷል።

በእኛ አገር አጫጭር ልብ ወለድ ተሰብስቦ በመጽሐፍ መውጣት የጀመረው በእነ ታደሰ ሊበን ዘመን ነው፤ የታደሰ «መስከረም» የታተመው በ1949 ዓ.ም. ነው። የሚያስፈራው ታሪክ ግን ማተሚያ ቤት ጠብቆ አያውቅም። ከሰማኋቸው ሁሉ በልጅነቴ እንቅልፍ የነሳኝ የጅቡ ነው። ሌሊት ጅብ ይገደላል። ሲነጋ ሰው ተሰብስቦ ሲያየው ጆሮው ላይ ጉትቻ አለ። ጉትቻው የማን እንደሆነ ደግሞ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ናትናኤል ፒርስ የሚባል እንግሊዛዊ መርከበኛ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ትግራይ ውስጥ ብዙ ኖሮ ይህንኑ ጽፎታል፤ ጉትቻ ያደረገ ጅብ በዓይኔ አይቻለሁ ይላል። መጽሐፉ ለንደን ላይ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1831 እ.ኤ.አ. ነው። እንደ ታሪክ ብቻ ከተመዘነ እንከን አይወጣለትም። አንድ ሬሳ፣ አንድ ጉትቻ፣ አለቀ።

ይህ ታሪክ ግን ሰው በልቷል። ባለጉትቻው መቼም ቢሆን የመንደሩ ባላባት ሆኖ አያውቅም። ማረሻውን የሚቀጠቅጠው ነው፤ ምጣዱን የምትሠራው ናት፤ ቤተ እስራኤሉ ነው። የሰው ልጅ በታመመ ቁጥር ዓይን የሚያርፍባቸው፣ ልጃቸውን ለመዳር የሚቸገሩ፣ ሙያቸው እየተፈለገ ራሳቸው የማይፈለጉ ሰዎች ናቸው። ያን ታሪክ እየጣፈጠኝ ሰምቼዋለሁ። ዛሬ ሲነገር ስሰማ ግን ጅቡን ሳይሆን በማግስቱ ጠዋት ያችን ባለ ጉትቻ ሴት ቤቷ ድረስ የሚሄዱባትን ሰዎች ነው የማስበው።

ስለዚህ እነዚህን ታሪኮች ለራሴ በሁለት ከፍዬ አያቸዋለሁ። በአንደኛው ወገን ሰው የመሰለው ነገር አውሬ ወይም ሙት ሆኖ ይገኛል። በሌላው ወገን አውሬ ወይም ሙት የመሰለው ሰው ሆኖ ይገኛል። መጽሐፍ ውስጥ የሚበዛው የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ብርቅ ነው፤ ለመጻፍም ይከብዳል፤ ምክንያቱም አንባቢን ካስፈሩ በኋላ ሳያሳፍሩ ማሳረፍ ይጠይቃል። ሳኪ የሚባለው እንግሊዛዊ በ1914 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ባወጣው የተከፈተው መስኮት ታሪኩ ሞክሮታል፤ ሞቱ የተባሉት ሰዎች በመስኮቱ በኩል ከአደን ሲመለሱ እንግዳው ነፍሴ አውጪኝ ብሎ ይሮጣል። ነገር ግን እዚያ ያለችው ልጅ እንግዳውን እያታለለችው ነው፤ አንባቢም አብሯት ይስቅበታል።

ሳቅ የሌለበትን ያየሁት ባደግኩበት ሰፈር ነው። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ደቡብ ከነበረው ሠራዊትና ቤተሰብ ብዙው በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ተሻገረ። ዋልዳ በሚባል ደረቅ ቆላ የስደተኞች ሠፈር ተተከለ፤ በ1993 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ ሰዉ ወደ ካኩማ ተወሰደ። የሰፈራችን አንዲት እናት ከተሻገሩት መካከል የነበረው ልጃቸው ሞቷል ተብሎ መርዶ ተነግሯቸው፣ ከል ለብሰው፣ ተዝካር አውጥተው ነበር። ከዓመታት በኋላ አንድ ምሽት በር ተንኳኳ። «ማነው?» ሲሉ ስሙን ተናገረ። መጀመሪያ ያደረጉት ከኮመዲኖው ላይ የጠበሉን ጠርሙስ አንስተው በበሩ ስንጥቅ መርጨት ነበር። ከዚያ ከፈቱ። ሲከፍቱም አላቀፉትም። የቀዘቀዘ ሽሮ በእንጀራ አቀረቡለትና ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ጉሮሮውን ያዩ ጀመር። እያንዳንዷ ጉርሻ መውረዷን ሳያረጋግጡ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ሦስተኛዋ ወይ አራተኛዋ ጉርሻ ላይ ነው የእልልታውና የለቅሶው ድብልቅ የወጣቸው። ተሯሩጠን የገባነው ያኔ ነው።

ይህን ሞያሌ ላይ ለአንድ ወዳጄ አወራሁለት። ተወልዶ ያደገው በኬንያው በኩል ነው። ጨርሶ ሰማኝና «እንዲህ ያለውን ከሆነ የምትፈልገው ኡራን ሂድ። ዋልዳም ወደዚያው ነው። ከኡራን ወዲህ አንድ ኦላ ውስጥ አንዲት አሮጊት አሉ፤ አዮ ነው የሚሏቸው፤ እሳቸውን ስማ» አለኝ። ኦላ ቦረናዎች መንደራቸውን የሚጠሩበት ነው፤ አዮ ደግሞ እናት ማለታቸው ነው።

በ2013 ዓ.ም. በተመረቀው የጋራ የድንበር ኬላ አልፌ የኬንያዋ ሞያሌ ገባሁ። ሰዓት መቀየር የለም፤ አቆጣጠሩም ያው ነው፤ ስዋሂሊ ተናጋሪውም እንደኛ ጎህ ሲቀድ ነው አንድ ብሎ የሚጀምረው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስኳር፣ ዱቄትና የዘይት ጀሪካን እስከ አፍንጫው የጫነ አሮጌ ላንድ ክሩዘር ላይ ወጣሁ። ሹፌሩ የዚያው አገር ሰው ነው። ረዳቱ፣ ተርንቦይ ይሉታል እነሱ፣ ሶሎሎ የተማረ ለግላጋ ልጅ ሲሆን ኢትዮጵያ ሞያሌ አክስቱ ዘንድ ስለኖረ አማርኛው የሰፈሬ ልጅ ያስመስለዋል። እስከ ሶሎሎ ማኩታኖ ወደ ማርሳቢት የሚወርደው አስፋልት ነው፤ መኪና ይንሸራተትበታል። ከዚያ ወዲያ አስፋልቱን ትቶ ቀይ አፈር ውስጥ መግባት ነው። በስተሰሜን ወደ ሜጋ የሚወጣው ተራራ ቆሟል፤ ያ ኢትዮጵያ ነው። ከሥሩ ሜዳው ግራር፣ ቁጥቋጦና ኩይሳ ብቻ ነው። የቦረና ኩይሳ ሰሜን እንደምናውቀው ድቡልቡል ጉብታ አይደለም። ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ከሰው ቁመት የሚበልጠው ብዙ ነው፤ አናቱ ላይ ጠበብ ብሎ ዘንበል ይላል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጥላው ረዝሞ መንገድ ይሻገራል።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ከኋላ በኩል ጧ የሚል ድምፅ መጣ፤ መኪናው በአንድ ጎኑ ቁጭ አለ። ሹፌሩ ወርዶ በደረቱ ተኝቶ አየና «ባሌስትራ» አለ። ሦስት ቅጠል ተሰብሯል። ካላማዳሪያ ቆራርጦ ጠፍሮ ሊያስረው ሞከረ፤ ጭነቱ ግን የሚቻል አልሆነም። ስኳሩን ትቶ አይሄድም፤ ስልክ አይሠራም። «አንተ እንግዳውን ይዘህ ወደ አዮ ቤት ሂድ፤ ሰው ላክልኝ» አለው ለረዳቱ። እኔን «ብርድ አለው» ብሎ ጋቢዬን ከኋላ አውጥቶ ሰጠኝ።

ጨረቃ የለም። የረዳቱ ስልክ ባትሪ ስላለቀ የኔን መብራት በየተራ እያበራን እያጠፋን ሄድን። ጨለማው ሲወፍር ኩይሳዎቹ መቀየር ጀመሩ። ቀን አፈር ነበሩ፤ አሁን ቆመው የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው። ትከሻ አላቸው። አንዳንዱ አንገቱን ወደኛ ያዞረ ይመስላል። መብራቱን ስናበራ አፈር፣ ስናጠፋ ሰው። ባናበራው ይሻል ነበር።

ከዚያ ቃጭል ሰማሁ። የእንጨት ነው፤ ደረቅ፣ ኳ ኳ የሚል። ከኋላችን። ቆምን፤ ቆመ። ሄድን፤ ተከተለ። ጆሮዬን ጣልኩ፤ ቃጭሉ አለ፣ ኮቴ የለም። ድንጋይ ሲንከባለል፣ ጭራሮ ሲሰበር፣ ምንም። ከብት ቢሆን ይሰማል፤ አህያ ቢሆን ይሰማል። ረዳቱን «ምንድነው?» ስለው «ጋሼ፣ ዝም ብለን እንሂድ» አለኝ። ድምፁ ውስጥ የነበረውን አልወደድኩትም። ያነበብኳቸው ታሪኮች በሙሉ ያን ጊዜ አንድ በአንድ ይመጡብኝ ጀመር። ወንበር ላይ ተቀምጦ መፍራትና ሜዳ ላይ ቆሞ መፍራት አንድ ስም ያላቸው ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ያወቅሁት እዚያ ነው። በመጨረሻ አንገቴ ላይ የሞቀ ትንፋሽ ተሰማኝ፤ የታኘከ ቅጠል ይሸታል። መብራቱን አዞርኩት። ረጅም ሽፋሽፍት ያላት ግመል ከላይ ቁልቁል ታየኛለች። የግመል እግር ከሥሩ ለስላሳ ነው፤ አሸዋ ላይ ድምፅ የለውም። የጠፋች ግመል ሰው ስታገኝ እንደምትከተል፣ ረዳቱም የፈራው እሷን ሳይሆን «ማን ነው የጣላት? ምን አባሯት ነው?» ብሎ እንደሆነ በኋላ ነገረኝ። የከብት ዘረፋ ባለበት አገር ባለቤት አልባ ግመል ጥያቄ ናት።

እንዲህ ሦስት ሆነን ስንሄድ ፊት ለፊት የእሳት ብርሃን ታየ። ከብርሃኑ ወዲህ ደግሞ የልጅ ድምፅ። «ነጋ!» ትላለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ነጋ!»። ሰላም ማለቷ ነው። ለማን? መብራቴን ባበራ አሥር ዓመት የማይሞላት ልጅ ጭራሮ ታቅፋ ትመጣለች፤ አንዱ ኩይሳ ጋ ስትደርስ ቀና ብላ ሰላም ትላለች፤ ሌላው ጋ ስትደርስ ሰላም ትላለች። አትስቅም፣ አትጫወትም። እኛ ጋ ስትደርስ በዚያው ድምፅ ሰላም አለችን። በዚያች ሰዓት ነጭ ጋቢ የተከናነብኩ እኔ ከኩይሳዎቹ በምን እንደምለይ እንጃ። ረዳቱ መለሰላት። ያን ጊዜ ጭራሮውን ጥላ «ግመሏ!» ብላ እየጮኸች ወደ ኦላው ሮጠች።

ግመሏ ከትናንት ወዲያ የጠፋች የአዮ ግመል ኖራለች። ስታስፈራን የመጣችው ናት የከበረ አቀባበል ያስገኘችልን። ማን እንደሆንኩ ሳይጠየቅ ጢስ ጢስ የሚል ወተት ቀረበልኝ። ሁለት ወጣቶች ገመድና ፋኖስ ይዘው ወደ ሹፌሩ ሄዱ። አዮ ቀጠን ያሉ፣ ጥቁር ጨርቅ የተከናነቡ፣ ሲናገሩ እጃቸውን ከጉልበታቸው የማያነሡ ሴት ናቸው። ቡና ቀላ ቀረበ። ገለፈቱ ያልተወገደ ቡና ጫፍ ጫፉ በጥርስ ተነክሶ በቅቤ ይታመሳል፤ ፍሬው ሲፈነዳ ይሰማል፤ ቤቱ በሽታው ይሞላል። ፍሬውን ያኝኩታል፤ ቅቤውን እጃቸውንና ፊታቸውን ይቀቡታል። እኔም ተቀባሁ።

ታሪክ ልሰማ መምጣቴን ረዳቱ ሲነግራቸው «መጀመሪያ እሱ ያውራ» አሉ። የዊልያም ጃኮብስን የዝንጀሮ እጅ አወራሁ፤ በ1902 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ከዚህ ታሪክ የተሻለ ማስፈራሪያ አላውቅም። ሦስት ምኞት የሚፈጽም የደረቀ የዝንጀሮ እጅ ከሕንድ ይመጣል። አባትየው ሁለት መቶ ፓውንድ ይመኛል፤ በማግስቱ ልጁ ፋብሪካ ውስጥ መኪና ይበላውና የካሣ ገንዘብ ይመጣለታል። ሁለት መቶ ፓውንድ። እናት በሐዘን ብዛት ልጄ ይመለስ ታሰኛለች። ሌሊት በር ይንኳኳል። እናት መወርወሪያውን ለመክፈት ትታገላለች፤ አባት ከመቃብር የመጣው ምን እንደሚመስል ያውቃልና ጨለማ ውስጥ የዝንጀሮውን እጅ ፈልጎ ሦስተኛውን ምኞት ይመኛል። በሩ ሲከፈት ማንም የለም።

ይህን ታሪክ ያወራሁለት ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ትንፋሹን ይውጣል። አዮ ግን ረዳቱን አተኩረው አዩት፤ በደንብ ተርጉመሃል ወይ ዓይነት። ከዚያ ጠየቁኝ።

«ሳይከፍት?»

«ሳይከፍት።»

«ልጁን ሳያየው?»

«ፈርቶ ነው» አልኳቸው።

«ማታ ደጅ የሚያንኳኳ ሰው ውኃ ጠምቶት ነው» አሉ። «አባትየው ክፉ ሰው ነው። ታሪኩ ጥሩ ነው፤ አባትየው ክፉ ነው።» አንድ ጎረቤት ሽማግሌም ደገፏቸው። ልጆቹ እንኳ በኔ የተናደዱ መሰሉ። ሰውን የሚያስደነግጠው የመጨረሻው ባዶ ደጅ ለነሱ ምንም አይደለም፤ የሚያስደነግጣቸው አለመክፈቱ ነው። ቀኑን ሙሉ ያለ ሰው ከብት የሚጠብቅ ልጅ ላለበት ቤት የጃኮብስ ማብቂያ ማብቂያ አይሆንም። ይህን ከማንም ሃያሲ ሰምቼው አላውቅም።

ከዚያ የራሳቸውን አወሩ።

አንድ ኦላ ነበረ። ከኦላው በስተምዕራብ ሰባት ኩይሳ ቆሟል። ዝናብ የጠፋበት ዓመት ነበር። አንድ ምሽት ጥጃ የምታስገባ ልጅ ዞር ብላ ስታይ ኩይሳው ስምንት ሆኗል። ጠዋት ሰባት ነው። በማግስቱ ማታ ስምንት፤ ጠዋት ሰባት። ትልልቆቹ «ወደዚያ አትይ፤ እሳቱን አድምቁ» አሉ። በሦስተኛው ማታ አንድ ግልገል አመለጠና ወደ ኩይሳዎቹ ሮጠ። ልጅቱም ተከተለችው። ግልገሉን ስትይዝ አጠገቧ ያለው ኩይሳ ይተነፍሳል። መሮጥ ነበረባት። አልሮጠችም። ትልቅ ሰው ስታይ ሰላም በይ ተብላ ያደገች ልጅ ናትና «ነጋ» አለች። ኩይሳው አለቀሰ። ከዚያ ጠየቃት፤ «ልጄ፣ አንቺስ መቼ ሞትሽ?»

ረዳቱ ይህን ሲተረጉም ፀጉሬ ቆመ። ሰውየው የልጅቱ አጎት ነው። ሩቅ አገር ሥራ ሄዶ ሳለ ገበያ ላይ «ኦላችሁ ተወግቶ አልቋል፤ አንድ ሰው አልተረፈም» ብለውታል። አጥንት ሊለቅም መጣ። ሲደርስ እሳት ይነዳል፣ የሚያውቃቸው ድምፆች ይነጋገራሉ። ሙታኑ ቤታቸውን የሚጠብቁ መሰለው። መግባት ፈራ፣ መሄድ አቃተው፤ ስለዚህ በየማታው መጥቶ ቆሞ ያያቸዋል። ልጅቱ እጁን ይዛ አስገባችው፤ ወተት ሰጡት። ከዚያ ወዲህ የዚያ ኦላ ልጆች የቆመ ነገር ሁሉ ሰላም ይላሉ።

እዚያው ፈልጌ የመጣሁትን አገኘሁ አልኩ፤ ሙት የመሰለው ሰው ሆኖ ተገኘ፣ ያውም ከሁለቱም ወገን። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ጠዋት ሹፌሩ መጣ። ባሌስትራውን በእንጨትና በካላማዳሪያ ጠፍሮ፣ ግማሹን ጭነት በወጣቶቹ ግመሎች አስጭኖ ነው የደረሰው። ወተት ሲጠጣ ታሪኩን ነገርኩት። አዮ ከቤት ውጭ ነበሩ። ሹፌሩ ኩባያውን አስቀመጠና «ያ ሰው የእናቴ ወንድም ነው» አለኝ። «ኦላውም ይኸው ነው። የነገሩህ ልክ ነው፤ ግን አንድ ነገር ቀርቷል። ዝም ብሎ አልቆመም። ተጣርቷል። በመጀመሪያው ማታ እያንዳንዳቸውን በስማቸው ጠርቷል፤ በሁለተኛውም፤ በሦስተኛውም። እነሱ ሰምተው የበሩን እሾህ ጨመሩበት። ሦስት ማታ ተጣርቶ መልስ ያጣ ሰው ሞተዋል ካላለ ምን ይበል?»

ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለስኩ። መቼ ሞትሽ ያለው ለዚህ ነው። ገበያ የሰማውን ወሬማ ሳያምን ነው የመጣው፤ ቢያምን በስማቸው አይጣራም ነበር። ያሳመነው ዝምታቸው ነው።

አዮ ሲገቡ ረዳቱን ይዤ ጠየቅኋቸው፤ መጠየቁ ነውር እንዳይሆን ፈርቼ ነበር። አልተቆጡም። ሹፌሩን ገላመጡት እንጂ። «ሰምተናል» አሉ። «ጨለማ ውስጥ የሚጣራን መልስ አትስጡ እየተባልን ነው ያደግነው። ልጆቹን አፋቸውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ይህን ግን ለልጆቹ አልነግራቸውም፤ ሰላም ማለቱን አስተማርኳቸው፤ ይበቃቸዋል።» ሰውየው ዛሬም በሕይወት እንዳለ፣ እንደሚጠይቃቸው፣ ወተታቸውን እንደሚጠጣ፣ ሳይመሽ ግን ተነሥቶ እንደሚሄድና እዚያ ቤት አንድም ቀን አድሮ እንደማያውቅ የጨመሩልኝ ራሳቸው ናቸው።

ልጽፈው እችል እንደሆነ ስጠይቃቸው «ሁለቱንም ጻፍ። የኔን አስቀድመህ» አሉ።

ሹፌሩ አልተስማማም። እውነቱ ይቅደም ባይ ነው። ጭነቱን አራግፈን ወደ ማኩታኖ ስንመለስ፣ መኪናው በአንድ ጎኑ እያነከሰ፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ ስንከራከር ሄድን። የአጎቱን ድምፅ ካስቀደምኩ ታሪኩ ክስ ብቻ ይሆናል፤ ሰሚው ገና ከመነሻው ከበሩ ውጭ ይቆምና በሌሎች ይፈርዳል፤ የአዮ ሲቀድም ግን ሰሚውም አብሮ እሾህ ጨምሮ ያድራል አልኩት። «ጥሩ፤ እንግዲያው ሲያልቅ እሾሁን የጨመረው ማን እንደሆነ በግልጽ ጻፍ» አለኝ።